እርም በፕሮግራም

ከውጭ አገር ዘመድ ለእረፍት ሲመጣ እንግዳው ያርፋል፣ ባለቤቱ ይደክማል። ቆንጅት ይህን የተማረችው በዚያ ክረምት ነው፤ ትምህርቱም ውድ ነበር።

ታናሽ ወንድሟ ይሁኔ ጀርመን ከገባ አሥራ አራት ዓመቱ ነው። ሚስቱንና ሁለት ሴት ልጆቹን ይዞ ክረምቱን ቆቦ ሊያሳልፍ መሆኑን በስልክ ሲነግራት፣ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደለጠፈች እንባ አነቃት። እናታቸው እማማ ዝማም ካረፈች ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። ይሁኔ ለቀብሩም፣ ለአርባውም፣ ለሙት ዓመቱም አልመጣም። አንዴ ሥራው፣ አንዴ የልጆቹ ትምህርት፣ አንዴም የሚስቱ ወገብ ያዘው። ቆንጅት ሰው ፊት «አልተቀየምኩትም፣ ምን ያድርግ» ትላለች። ቤቷ ገብታ በሩን ስትዘጋ የምትለው ሌላ ነው።

በቆቦ ደንብ እናቱ ስትሞት ያልነበረ ልጅ አገሩ ሲገባ መጀመሪያ ደጁ ላይ ቆሞ ያለቅሳል። ጎረቤት ነጠላውን አዘቅዝቆ ይጠብቀዋል፣ ሙሾ ይወጣል፣ ንፍሮ ይቀርባል፣ ሰውየው ደረቱን ደቅቶ እርሙን ያወጣል። ይህ ሳይሆን ውሃ እንኳ አይቀምስም። ለቆንጅት ደግሞ ነገሩ ከደንብም በላይ ነበር። በቀብሩ ሰሞን እሷ ከማድቤት ድንኳን፣ ከድንኳን ማድቤት ስትመላለስ፣ ለቀስተኛ ስታስቀምጥና ስትሸኝ፣ ለራሷ ልቅሶ ጊዜ አላገኘችም። አረፍ ብላ ልታለቅስ ስትል ደግሞ አንዱ እጇን ይዞ «አይዞሽ፣ ወንድምሽ ሲመጣ አብራችሁ ታወጡታላችሁ» ይላታል። አባታቸው ድሮ ሞቷል፣ ሌላ ወንድም እህት የላትም። ስለዚህ ልቅሶዋን እንደ ዘር እህል አስቀመጠችው። ይሁኔ ይመጣል፣ አንገት ለአንገት ተቃቅፈው ያለቅሳሉ፣ ያኔ የእናቷ ሞት ይለይለታል። ከወንድሟ የምትፈልገው ይህንኑ ብቻ ነበር፤ ሻንጣውን ጀርመን ረስቶት ቢመጣ እንኳ ቅር አይላትም።

የመጡት ሐምሌ መግቢያ ላይ ነው። ዝናቡ ከላይ ከተራሮቹ ሲያጉረመርም ይሰማል እንጂ ቆላው ድረስ አልወረደም፤ ውሻ እንኳ ጥላ እየመረጠ የሚሄድበት ሙቀት ነበር። ጎረቤቱ ግን ከጠዋት ጀምሮ አውራ ጎዳናው ዳር፣ ቆንጅት ደጅ ላይ ቆሟል። ከፊት ሰይዳ አለች። ሰይዳ የእማማ ዝማም የልብ ጓደኛ ናት። ሼሁ ሙሾ ክልክል ነው እያሉ ስንት ጊዜ ቢቆጧትም፣ ሟቹ ክርስቲያን ሆነ ሙስሊም፣ ለጎረቤቷ ሳትገጥም ቀርታ አታውቅም። ለይሁኔ የሚሆነውን ግጥም ሁለት ዓመት ሙሉ በሆዷ ስታብላላው ኖራለች።

ሚኒባሱ ጡሩምባውን እንደ ሰርግ መኪና እየነፋ ደረሰ። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የወጣው ባዶ ቅልጥም ነው፤ ይሁኔ ቁምጣ ለብሶ ነበር። ቀጥሎ ሰፊ ባርኔጣ፣ ጥቁር መነጽር፣ ከዚያ ስልክ የያዘ እጅ ወጣ። ጥቁር የለበሱትን ሴቶች ሲያይ ፊቱ በራ። ሚስቱን ፀዲን ጠርቶ አገሩ በሙሉ ሊቀበላቸው እንደወጣ አበሰራትና መቅረጽ ጀመረ። ሰይዳ የመጀመሪያዋን ስንኝ ልታወጣ አፏን ከፍታ ነበር፤ መልሳ ዘጋችው። ከኋላ አንዲት ሴት «ወየው» ብላ ጀምራ የሚቀበላት ስታጣ ሳል አስመስላ ጨረሰችው። ይሁኔ አንድ በአንድ እየዞረ ሁሉንም ሳመ፣ ሁሉንም «ምንም አልተለወጣችሁም» አላቸው፣ እየሳቀ ገባ። ሰዎቹ ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ ደጅ ላይ ቀሩ፤ ማቅናትም አሳፈራቸው፣ መቆምም አሳፈራቸው።

ማታ ቆንጅት ነገሩን በቀስታ አነሳችው። ሰው የመጣው እርሙን ሊያስወጣው እንደሆነ፣ ንፍሮው ተቀቅሎ እንዳደረ ነገረችው። ይሁኔ እጇን ያዘና ለልጅ እንደሚያስረዳ አድርጎ አስረዳት። እሱ ጀርመን አገር አልቅሷል። ሻማ አብርቷል፤ የአበሻ ማኅበሩም ኬክ ይዞ መጥቶ አጽናንቶታል። ልጆች ፊት ደረት መድቃት ደግሞ ለሥነ ልቦናቸው እንደማይበጅ ፀዲ አንብባለች። አዲስ አበባ ተወልዳ ጀርመን ያደገችው ፀዲ በእርጥብ ፎጣ ግንባሯን ይዛ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። ስለዚህ ሁሉም በፕሮግራም ቢሆን ይሻላል። መጀመሪያ ያርፋሉ፣ ልጆቹ አገሩን ይለምዳሉ፤ ሊሄዱ ጥቂት ቀን ሲቀራቸው ይሁኔ አንድ ጠዋት፣ ከቁርስ በኋላ እስከ ምሳ፣ እርሙን ያወጣል። ስልኩ ላይ መዝግቦታል።

«ስልኩ ያስታውስሃል?» አለች ቆንጅት።

«አዎ እታለም፣ ከአንድ ቀን በፊት ይደውላል።»

ቆንጅት ንፍሮውን ለዶሮ በተነችው።

እረፍቱም እንዲህ ተጀመረ። ፀዲ ከሻንጣዋ ያወጣችውን የሙቀት መለኪያ ግድግዳው ላይ ሰቅላ በየሰዓቱ ታየዋለች፤ ባየችው ቁጥር ሙቀቱ የሚብስባት ይመስል ትቃትታለች። መብራት ሲጠፋና ማራገቢያው ሲቆም ሲሚንቶው ወለል ላይ ተዘርግታ፣ ማንም እንዳያናግራት ትጠይቃለች። ትልቋ ልጅ ሔራንና ታናሿ ብሩክታዊት ካርታ ሲጫወቱ ይውሉና፣ ካርታው በላብ እጃቸው ላይ ሲጣበቅ ባሕሩ የት እንደሆነ ይጠይቃሉ። በየዓመቱ ክረምቱን የሚያሳልፉት ጣሊያን አገር ባሕር ዳር ነው፤ አባታቸውም ዘንድሮ የምንሄድበት ከጣሊያን የበለጠ ፀሐይ አለው ብሎ ነበር ያመጣቸው። ፀሐዩን በተመለከተ አልዋሸም።

ልጆቹ ባሕር ባሕር ማለቱን ሲያበዙት ይሁኔ ትልቁን ሻንጣ ከፈተ። ቆንጅት ለእሷ የመጣ ነገር መስሏት አንገቷን አሰገገች። የወጣው ዓሣ የተሳለበት ሰማያዊ ላስቲክ ነው። ተነፍቶ ውሃ ሲሞላ ሰው የሚነከርበት ገንዳ ይሆናል። ግቢው መሐል፣ ከቁርቁራው ዛፍ ጥላ ሥር ዘረጋውና የእግር መንፊያውን የሚያሳርፍበት ሲፈልግ ዓይኑ በሩ ጥግ ላይ አረፈ። እዚያ፣ አውራ ጎዳናውን ፊት ለፊት የምታይ ዝቅ ያለች በርጩማ አለች። የእማማ ዝማም መቀመጫ ነበረች፤ እሷ ከሞተች ወዲህ ቆንጅት ግቢ ስትጠርግ እንኳ ዙሪያዋን ጠርጋ ነው የምታልፈው። ይሁኔ በርጩማዋን አንስቶ መንፊያውን አስቀመጠባትና በጫማው ይረግጥ ጀመር። ቆንጅት ደሟ ፈላ። ልትናገር ብላ እንግዳ ነው፣ ገና መምጣቱ ነው አለችና ዋጠችው። በዚያ ክረምት የዋጠችው ነገር ቢያጠግብ ኖሮ ምግብ ባልበላች ነበር።

ገንዳው እንደዋዛ አይሞላም። በዚያ ሰፈር ቦንቧ የሚመጣው በሳምንት አንዴ ነው፤ ሴቶች ከሌሊቱ ጀምረው ቦኖው ላይ ጀሪካን ይደረድራሉ። ይሁኔ የጋሪ ውሃ አስመጣ። አህያዋ ጋሪውን እየጎተተች አንዴ ገባች፣ ሁለቴ ገባች፣ ጀሪካኑ ሁሉ ዓሣው ላይ ተገለበጠ። ወሬው እስከ ጎረቤት ከተማ እስከ ሮቢት ደረሰ፤ እዚያ ሲደርስማ ቆንጅት ግቢ ሐይቅ ተቆፍሯል ተባለ። ቦኖው ላይ ሴቶቹ ለቆንጅት ወረፋ መያዝ አቆሙ። በክፋት አይደለም። «አንቺማ ሞልቶልሻል» ነው ያሏት።

ለቀስተኛ ግን ተስፋ አይቆርጥም። ያኛው ቀን ድካም ይዞት ይሆናል ብለው ሁለትም ሦስትም ሆነው፣ ጥቁራቸውን ለብሰው፣ ፊታቸውን አጨፍግገው ይመጣሉ። ይሁኔ በራቁት ደረቱ፣ ውሃ እያንጠባጠበ ይቀበላቸውና ታጣፊ ወንበር ላይ ያስቀምጣቸዋል። ወንበሩ ክብደት አይወድም፤ ልቅሶ ሊደርሱ መጥተው በጀርባቸው የወደቁ ትልልቅ ሰዎች አሉ። ከዚያ ቀዝቃዛ ለስላሳ ይሰጣቸውና በስልኩ የጣሊያንን ባሕር ያሳያቸዋል። አንዲት አሮጊት ፀዲን በዋና ልብስ አሸዋ ላይ ተዘርራ ካየች በኋላ ወደ ቆንጅት ጠጋ ብላ፣ ምን አግኝቷት ነው እንዲህ የተገፈፈችው፣ ሌባ ነው ወይ ብላ በሐዘኔታ ጠየቀቻት። ቆንጅት አዎ ሌባ ነው አለቻት። የሚቀለው እሱ ነበር።

በመጨረሻ የእድሩ ዳኛ አቶ ወልደ ሚካኤል ራሱ መጣ። አያቶቹ ከደቡብ ትግራይ ለንግድ መጥተው የቀሩ፣ ጨርቅ ነጋዴ፣ ንግግሩ በሜትር የተለካ ሰው ነው። የመጣው ስለ ድንኳኑ ነው፤ ልጁ እርሙን የሚያወጣ ከሆነ ድንኳኑ ይተከል ዘንድ ቀኑን ልወቅ አለ። ይሁኔ ደስ አለውና ስልኩን አውጥቶ ቀኑንም ሰዓቱንም ነገረው። ለዚያ ጠዋት ድንኳኑ ለሌላ ሰው እንዳይሰጥ ከአሁኑ ተይዞ ቢቆይ ጥሩ መሆኑን፣ እነሱ አገር ሁሉ ነገር ቀድሞ እንደሚያዝ ጨመረበት።

አቶ ወልደ ሚካኤል ከታጣፊው ወንበር ላይ ተጠንቅቆ ተነሳ። «የኛ ሰው ሳያስመዘግብ ነው የሚሞተው» አለና ባርኔጣውን ደፍቶ ሄደ።

ከዚያ ቀን በኋላ ጥቁር ለብሶ የመጣ የለም። ቆንጅትን ያንገበገባት ይሄ ነው። ለቀስተኛ መምጣት ሲሰለች ደግ ነገር እንዳልሆነ ታውቃለች። እሷ እናቷን ስታስታምም ሳይጠሩ የመጡት፣ ቃሬዛውን እስከ ቤተ ክርስቲያን የተሸከሙት እነዚህ ናቸው። አሁን በደጇ ሲያልፉ ሰላምታ ይሰጧታል፣ ግን አጭር ነው፤ የራያ ሰው ሰላምታ ካሳጠረብህ ነገሩ አልቋል። ወንድሟ ግን ገንዳው ዳር ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ደፍቶ ያንኮራፋል። አንዳንዴ ቆማ ታየዋለች። ልቡ እንዲህ ደንድኖብሽ ነው ወይ የሄደው እያለች በሆዷ እናቷን ትጠይቃለች፤ መልሶ ደግሞ ለእናቷ ታፍርላታለች።

ሊሄዱ ትንሽ ቀን ሲቀራቸው፣ በገበያ ቀን፣ ሙህሲን መጣ። ሙህሲን ከዋጃ ወዲያ ካለው ቆላ፣ ከብትና ግመል የሚያረባ፣ ከአባታቸው ጊዜ ጀምሮ ቤተኛ የሆነ ሰው ነው። ገበያ በመጣ ቁጥር ግመሉን የሚያስረው ቁርቁራው ሥር ነው፤ ማንንም ጠይቆ አያውቅም፣ ማንም ጠይቅ ብሎት አያውቅም። ድርቁ ጠንቶ ከብቱን ወደ አፋር በኩል አውርዶ ስለከረመ የይሁኔን መምጣት የሰማው ገና በዚያ ሳምንት ነበር። እንደ ልማዱ ግመሉን ቁርቁራው ላይ አሰረ፣ ሽርጡን አራገፈ፣ ፊቱን ለልቅሶ አዘጋጅቶ ወደ ቤት ገባ። ሰማያዊውን ነገር አይቶታል፤ ለግመሉ የተቀመጠ መስሎት ቆንጅትን በሆዱ መርቋታል።

ፀዲና ልጆቹ ከገንዳው ወጥተው ምሳ ላይ ነበሩ። ይሁኔ ጓዳ ገብቶ ጋደም ብሏል። ግመሉ ከቆላ እስከ ቆቦ ውሃ አልቀመሰም። አንገቱን ዝቅ አድርጎ ጀመረ። ቆንጅት ለሙህሲን መቀመጫ ልታመጣ ብቅ ስትል የውሃው ከፍታ ሲወርድ በዓይኗ አየችው። ልትከለክል ትችል ነበር። ቆማ አየች፤ ክረምቱን ሙሉ እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም።

ልጆቹ በመስኮት አይተው በጀርመንኛ ሲያስካኩ ይሁኔ ነቃ። ፎጣ ይዞ በባዶ እግሩ ተንደርድሮ ወጣና ግመሉን በፎጣው አፉ ላይ ጠበጠበው። ግመሉ ደነገጠ፣ ወደ ኋላ ልሂድ ሲል ገመዱ ያዘው፣ ወደፊት ሲል ገንዳው ውስጥ ገባ። ላስቲኩ ጧ ብሎ ፈነዳ። የቀረው ውሃ ግቢውን ሲያጥለቀልቀው ይሁኔ አንሸራተተውና በወገቡ ወደቀ። «ኡኡ!» ሲል ቆቦ ሰማችው።

ያ ሰፈር ወር ሙሉ ጆሮውን ቀስሮ የኖረ ሰፈር ነው። ይሁኔ አለቀሰ የሚለው ወሬ ነጠላ እስኪታጠፍ እንኳ አልጠበቀም። ቦኖው ላይ ወረፋ የያዙት ጀሪካናቸውን ጥለው መጡ። አቶ ወልደ ሚካኤል ድንኳን ይውጣ ብሎ ሱቁን ሳይዘጋ ሮጠ። በሩን በርግደው ሲገቡ ያዩት ሰው ጭቃ ላይ ተዘርሯል፣ ደረቱ ራቁቱን ነው፣ ፀጉሩ ጭቃ ብቻ ሆኗል፣ መሬቱን በመዳፉ ይደበድባል። እንዲህ ያለ ልቅሶ ከድሮ ሰዎች ወዲህ አልታየም። «እንዲህ ነው እንጂ የእናት!» አለች አንዷ፣ ወር ሙሉ ስታማው የከረመችው። ሙህሲን የግመሉን ሥራ ያውቃል። ግን አገር ሲያለቅስ ግመሌ ነው ማለት አልሆነለትም፤ እንስሳውን ቀስ ብሎ ከቤቱ ጀርባ አዞረና መጥቶ «አላህ ሰብሩን ይስጣችሁ» ብሎ ዓይኑን ጠረገ።

ይሁኔ ከወገቡ ቀና ብሎ፣ ሰው ሁሉ እንደተሳሳተ፣ ነገሩ የገንዳው እንደሆነ ሊያስረዳ አፉን ከፈተ። ቆንጅት ጭቃው ላይ ተንበርክካ ትከሻውን ጨመደደችው።

«ዝም ብለህ አልቅስ» አለችው በጆሮው። «ገንዳው መሆኑን የምናውቅ እኔና ግመሉ ነን።»

ሰይዳ ለዚህ ቀን ያቆየችውን አወጣች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ መሐል ገባች፤ ድምጿ አርጅቷል፣ ግን ቃሉ አይሳሳትም።

አውቶቡስ ሲያልፍ ሲነፋ ጡሩምባ፣
ልጄ መጣ ብላ ስትወጣ ስትገባ፣
በርጩማዋን ይዛ ከደጅ ተቀምጣ፣
ስንት መኪና አለፈ አንተን ሳያመጣ።

ሴቶቹ ተቀበሏት። ይሁኔ መሬቱን መደብደቡን ተወ። በስልክ የተነገረው ሌላ ነበር። እናትህ ተኝታ ነው ያረፈችው፣ ምንም አልተሰቃየችም ብላዋለች ቆንጅት፤ እሱም እውነት ነው። ከዚያ በፊት ስለነበረው ዓመት ግን፣ ከሰዓት በኋላ ከደሴ በኩል አውቶቡስ በነፋ ቁጥር አሮጊቷ እየተነሳች ስለምታየው፣ ማታ ማታ ቆንጅት ወገቧን አቅፋ ስለምታስገባት አልነገረችውም። በባዕድ አገር ያለን ሰው በስልክ እንዲህ አይሉትም። ይሁኔ ዞር ብሎ በርጩማዋን አየ። ጭቃ ውስጥ ተገልብጣ፣ መንፊያው አጠገቧ ወድቋል።

«እውነቷን ነው?» አላት።

ቆንጅት በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። ይሁኔ አለቀሰ። ድምፁ የቅድሙ ዓይነት አልነበረም፤ ዝቅ ያለና የተሰባበረ ነበር፣ ለቀስተኛውም ስለማይመች ብዙም አልወደደለትም። ቆንጅት ብቻ ለየችው። ግንባሯን ጭቃ በሆነው አንገቱ ላይ ደፋች። ሁለት ዓመት ያስቀመጠችው ልቅሶ ሊመጣ ነበር። ያኔ አንዷ ከኋላዋ ትከሻዋን ነካ ነካ አድርጋ፣ ሰው እየበዛ ነውና ንፍሮ ይጣድ እንጂ አለቻት። ቆንጅት ተነስታ ንፍሮ ጣደች።

በማግስቱ ደንቡ ነውና ሰው ማልዶ መጣ። ድንኳኑ ተተክሏል፣ የላስቲኩ ቁራጭ አንድ ጥግ ተወሽቋል። ጎረቤቱ ከቆንጅት ጋር ታርቋል፤ የሰላምታው ርዝመት ወደ ቦታው ተመልሷል። አንዷ ለነገ ወረፋ እንደያዘችላት ሹክ አለቻት። ይሁኔም ዓይኑ አብጦ፣ ጥቁር ለብሶ፣ በረጅም ሱሪ ወጣ። ቆንጅት ስታየው የእናቴ ልጅ፣ መጣህልኝ ስትል አሰበች።

ይሁኔ ለቀስተኛውን ካመሰገነ በኋላ አንድ ነገር እንዲፈቅዱለት ለመነ። ትናንት የሆነው ነገር እጅግ ልብ የሚነካ ነበር። ይህ የእኛ ባህል ነው፣ የትም የለም፤ ልጆቹም ሲያድጉ ሊያዩት ይገባል። ችግሩ ፀዲ አልቀረጸችውም፣ መብራት ጠፍቶ ስልኳ ሞቶ ነበር። የሱ ስልክም እንደ አጋጣሚ ትናንት ደውሎ አስታውሶታል፤ ፕሮግራሙ የተያዘው ለዛሬ ነው። ስለዚህ ደክሟችሁ ካልሆነ ከበሩ ገብታችሁ፣ እትዬ ሰይዳም ያንን ግጥም ደግመው፣ እሱም በቦታው ሆኖ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ቢደገም። ይህን እያለ በርጩማዋን አንስቶ ጭቃዋን ጠረገና ከበሩ ፊት ለፊት አስቀመጣት። ስልኩን በላይዋ ላይ አቁሞ በድንጋይ አስደገፈው።

ቆንጅት መሬት ብትከፈት ትገባ ነበር። አቶ ወልደ ሚካኤል ባርኔጣውን ያያል፣ ሙህሲን ዱላውን ያያል። ሰይዳ ብቻ ይሁኔን አየችው። አልተቆጣችም፤ ከልቧ ልታውቅ የፈለገች ነበር የምትመስለው።

«ልጄ» አለችው፣ «ሌላ እናት አለችህ እንዴ?»

ይሁኔ ፈገግ ሊል ጀምሮ ተወው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ስልኩን ከበርጩማዋ ላይ አነሳ። የት እንደሚያደርገው ቸግሮት ትንሽ ይዞት ቆየና ለሔራን ሰጣት። ራሱ በርጩማዋ ላይ ቁጭ አለ። ዝቅ ያለች ስለሆነች ጉልበቱ ደረቱ ድረስ መጣ።

«የለችኝም» አለ።

ለማንም አልነበረም የተናገረው። ወር ሙሉ ካወራው ሁሉ አጭሩ እሱ ነው። በዚያው ቅጽበት ከደሴ በኩል የመጣ አውቶቡስ አስፋልቱ ላይ ጡሩምባውን ነፋ፣ ይሁኔም አንገቱን አቅንቶ ወደ መንገዱ አየ። አውቶቡሱ ሳይቆም አለፈ። ቆንጅት የንፍሮውን ሰፌድ ይዛ ድንኳኑ በር ላይ ቆማ ነበር። አንገቱን ያቀናበት ሁኔታ፣ አገጩን ወደፊት አድርጎ ዓይኑን ማጥበቡ፣ የእናቷ ነው፤ በየቀኑ ስታየው የኖረችው ነው። ሰፌዱን መሬት አስቀመጠችና እዚያው ቁጭ ብላ አለቀሰች። ንፍሮውን ያን ቀን ሌላ ሰው አዞረው።